እንገሩ ለጥጃው ይቅደም

ከደብረ ብርሃን አካባቢ አንድ አርቢ እንዲህ ጽፈውልናል፦ «ጥጆቼ በተወለዱ በሳምንታቸው ተቅማጥ ይይዛቸዋል። ሁለቱ ሞቱ፣ አንዷ ታማለች። ኦክሲ (ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ) አስወጋሁ፣ አልሠራም። ጠንከር ያለ መድኃኒት ካለ ጠቁሙኝ።» መጨረሻ ላይ እግረ መንገዳቸውን «ዲቃላዋ ላም ወተቷ ጥሩ ነው፣ እንገሩን ጎረቤቱ ሁሉ ቀመሰው» ብለዋል።

እኔን የያዘኝ ይሄ የመጨረሻው ነው። የጠየቁት ስለ መርፌ ቢሆንም ችግሩ ከእንገሩ ሳይሆን አይቀርም።

ጥጃ ሲወለድ በሽታ መከላከያ የለውም ማለት ይቻላል። የሚያገኘው ከእንገር ነው። አንጀቱ ያንን ወደ ደም የሚያሳልፈው ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ በ24 ሰዓት ገደማ ይዘጋል። እንገር ላክቶፌሪን የሚባል ፕሮቲንም አለው። ባክቴሪያው የሚፈልገውን ብረት ይሻማዋል፤ እንደ ኢ-ኮላይ ያሉ ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያዎችን የውጭ ሽፋን ስለሚያላላም መድኃኒት እንዲገባ መንገድ ይከፍታል። የአሜሪካው ቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ከእናት ጡት ወተት በተገኘ ሌላ ፕሮቲን መድኃኒት የተላመደ ስታፍ የሚባል ባክቴሪያ በአንቲባዮቲክ መልሶ እንዲጠቃ አድርገዋል። ይሄ ግን የቤተ ሙከራ ወሬ ነው፤ ፋርማሲ ሄደው እንዳይጠይቁ። እርስዎ በነጻ ያለዎት እንገሩ ነው።

ላሟ እንደወለደች ጡቷን ለብ ባለ ውሃ ይጠቡና ይለቡ። ዲቃላ ጥጃ 30 ኪሎ ቢሆን በ12 ሰዓት ውስጥ 3 ሊትር ይፈልጋል፤ ግማሹን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ይስጡት። መለኪያ ከሌለ ባለ አንድ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ይበቃል። ካልጠባ ጣትዎን እያስጠቡ ከባልዲው ያለማምዱት። በጉሮሮው አይጋቱት፣ ሳንባው ይገባል። ከዚህ የተረፈውን ጎረቤት ይብላ።

«የእንግዴ ልጁ ሳይወርድ ጥጃው አይጠባም» የሚባለውን ደግሞ እባካችሁ ተዉት! በየሄድኩበት አየዋለሁ። መጥባቱ እንዲያውም የእንግዴ ልጁ እንዲወርድ ያግዛል፤ እሱን ስትጠብቁ ጥጃው ጊዜው ያልፍበታል።

ለታመመችው ጥጃ መርፌ አይደጋግሙ። የጥጃ ተቅማጥ ብዙ ጊዜ ከቫይረስ ነው፤ ኦክሲ እሱን አይነካም፣ ባክቴሪያውን ግን መድኃኒቱን ያለማምደዋል። ወተቷን ሳያቋርጡ፣ በመሃል በመሃል ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ የግሉኮስ ዱቄትና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠው ያጠጧት፤ የሻይ ስኳር ግን አይሁን፣ የጥጃ አንጀት አይፈጨውም፣ ተቅማጡን ያብሳል። ዓይኗ ከጎደጎደ ወይም መቆም ካቃታት ሳያድሩ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።