ለውቅያኖስ ዳር ሜታል ዲቴክተር ከመግዛትዎ በፊት

ወንድማችን ሜሪላንድ እንደሚኖሩ ገልጸው፣ ለትርፍ ጊዜ ፍለጋ ከሚሆኑ ሜታል ዲቴክተሮች (የተቀበረ ብረት በድምፅ የሚጠቁሙ መሣሪያዎች) መካከል ከጋሬት ኤይስ 300፣ ከኖክታ ሲምፕሌክስ ፕላስ እና ከማይንላብ ቫንክዊሽ 340 የትኛው እንደሚሻል ጠይቀዋል። ሙቀቱ ሲመጣ እንደ እኔ ወደ ሜሪላንዷ የውቅያኖስ ዳር ከተማ ወደ ኦሽን ሲቲ መውረድዎ አይቀርምና መልሴን ከዚያ እጀምራለሁ።

1. ስለ ጥልቀት የሚነገረውን ማስታወቂያ ትተው መሣሪያው በስንት ፍሪኩዌንሲ (ወደ መሬት በሚልከው ሞገድ የንዝረት ፍጥነት) እንደሚሠራ ይመልከቱ። ኤይስ 300 በ8፣ ሲምፕሌክስ ፕላስ በ12 ኪሎኸርዝ ብቻ ሲሠሩ፣ ቫንክዊሽ ብዙ ፍሪኩዌንሲዎችን በአንድ ጊዜ ይልካል። ለመናፈሻና ለጓሮ ሣር ልዩነቱ ብዙም አያስጨንቅም።

2. የሻጭን ቃል ብቻ አምነው አይግዙ። እኔ የመጀመሪያውን ባለ አንድ ፍሪኩዌንሲ መሣሪያዬን ስገዛ ለውቅያኖስ ዳር እንደምፈልገው ደጋግሜ ነግሬው ነበር፤ ሻጩም «የትም ቦታ ይሠራል» አለኝ። ሦስት ሰዓት ነድቼ ደረስሁ። ደረቁ አሸዋ ላይ ደህና የነበረው መሣሪያ፣ ማዕበሉ ወዳረጠበው ስወርድ ኮይሉን (መሬቱን የሚቃኘውን ክብ የታችኛ ክፍል) ባወዛወዝሁ ቁጥር ይጮኽ ጀመር። ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ እርጥቡ አሸዋ ራሱ የብረት ያህል ያስጮኸዋል፤ እኔ ግን ይህን ስላላወቅሁ ጩኸት በሰማሁበት ሁሉ ስቆፍር ዋልሁ። ሴንሲቲቪቲውን (ብረት የመለየት ንቃቱን) ዝቅ ሳደርገው ጩኸቱ ጋብ አለ፤ ነገር ግን ለሙከራ አራት ጣት ያህል የቀበርሁትን የራሴን ቀለበት እንኳ ሳያሰማ አለፈው። በማግስቱ ልመልሰው ስሄድ ያው ሻጭ ቀና ብሎ ሳያየኝ «ካርቶኑ ተከፍቷል» ብሎ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። ሳልከፍተው እንዴት ልሞክረው እችል እንደነበር ብጠይቀውም መልስ አልሰጠኝም። ከገንዘቡ ይልቅ ያ ንቀት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከሁለት ወር በኋላ ባለ ብዙ ፍሪኩዌንሲውን ቫንክዊሽ ገዛሁ፤ እዚያው እርጥብ አሸዋ ላይ ጸጥ ብሎ ሠራልኝ። ሆኖም ውሃ የሚችለው ኮይሉ ብቻ ስለሆነ መቆጣጠሪያውን ከማዕበል ይጠብቁት። ሲምፕሌክስ ፕላስ ግን ውሃ ውስጥ እስከ 3 ሜትር ሳይበላሽ ስለሚጠልቅ፣ ሐይቅና ወንዝ ለሚያዘወትር ሰው እሱን እመርጥለታለሁ።

ከኦሽን ሲቲ በስተደቡብ ባለው አሳቲግ ደሴት፣ በብሔራዊ ፓርኩ ክልል ውስጥ ሜታል ዲቴክተር መጠቀም በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነውና ወደዚያ ይዘው አይሻገሩ። የወርቅ ቀለበትና የቆርቆሮ መጠጥ ክዳን ላይ ያለው ተጎትቶ የሚከፈት መክፈቻም ስክሪኑ ላይ የብረቱን ዓይነት የሚጠቁም ተቀራራቢ ቁጥር ስለሚሰጡ፣ መክፈቻ መልቀም ቢሰለችዎም መቆፈርዎን አይተዉ።

ውሃው በሚሸሽበት ሰዓት ይድረሱ። እኔም በእንዲህ ያለ ማለዳ፣ ከአንድ ክንድ የማይርቅ ጉድጓድ ውስጥ የጠቆረች ሩብ ዶላር አወጣሁ። በአውራ ጣቴ አሸዋውን ስጠርግላት፣ በዛሬዎቹ ሳንቲሞች ጠርዝ ላይ የሚታየው ቀይ የመዳብ መስመር የለባትም፤ ዓመቷን ሳነብ 1957 ይላል። እስከ 1964 የተቀረጹት ሩብ ዶላሮች 90 በመቶ ብር ናቸውና፣ እዚያው ተንበርክኬ ለባለቤቴ ደወልሁላት።