አዲስ የመጡት ዓሦች ለምን አፋቸውን ይከፍታሉ?

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ? ከአዲስ አበባ ሁለት ጎልድ ፊሽ ገዝቼ በአውቶቡስ ወደ ደሴ ካመጣኋቸው አምስተኛ ቀናቸው ነው። አኳሪየሙ 40 ሊትር ይይዛል፤ ማጣሪያና የአየር ፓምፕ አለው። በሦስተኛው ቀን ውሃው ወተት ጠብ ያለበት መሰለ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ሙሉውን ደፍቼ፣ ማጣሪያውን በሳሙና አጥቤ፣ ከጀሪካን አዲስ ውሃ እሞላለሁ። ዓሦቹ ግን ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ዘጋ ያደርጋሉ። ምን ላድርግ? (ከቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ደሴ)

መልስ፦ ውሃውን ሙሉ በሙሉ መድፋትዎን ዛሬውኑ ያቁሙ፤ ሳሙናም ከእንግዲህ አኳሪየሙ አጠገብ አይድረስ። የሚጎዳቸው የውሃው መደፍረስ አይደለም። ዓሣ ቀን ከሌት ከስንጥቡ (ከመተንፈሻ አካሉ) አሞኒያ ያወጣል። ይህን መርዝ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚለውጡት በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው። ተራብተው እስኪበቁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ እንደ ደሴ ባለ ብርዳም ቦታ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። ሳሙናውና በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ይፈጇቸዋል፤ እርስዎም በየማለዳው ሥራቸውን ከዜሮ ያስጀምሯቸዋል። ወተት የመሰለው ድፍርስ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ በውሃው ውስጥ ሲራባ የሚመጣ ነው፤ ካልነኩት በጥቂት ቀናት ይጠራል።

ጠጋ ብለው የስንጥቡን ጠርዝ ይዩት። ደም የመሰለ ቀይ ሆኖ ካበጠ አሞኒያ ወይም ክሎሪን አቃጥሎታል ማለት ነው፤ አየር የሚያጥራቸውም ለዚህ ነው። ከተማው ደግሞ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል፣ ውሃው በባሕር ዳርቻ ሊይዝ ከሚችለው ኦክስጅን ሩብ ያህሉ ይጎድለዋል። ስለዚህ ፓምፑ ሌሊትም አይጥፋ፤ የውሃው ገጽ ዘወትር እየተናወጠ ይደር።

ለሚቀጥሉት ሦስት ሳምንታት በየቀኑ 10 ሊትር ብቻ ይቀይሩ። ተኪው ውሃ አፈ ሰፊ ባልዲ ውስጥ ሳይከደን፣ አኳሪየሙ ባለበት ክፍል ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆይ። በታሸገ ጀሪካን የከረመ ውሃ ክሎሪኑ አይወጣለትም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባልዲው በዚያው ክፍል ማደሩ ሙቀቱንም ያስተካክልልዎታል። ስፖንጁ ሲደፈን ከአኳሪየሙ በቀዱት ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ አድርገው መልሱት፤ ነጭ እስኪሆን አይጠቡት።

ናይትራይቱ እንዳይጎዳቸው በሊትር 1 ግራም የገበታ ጨው ይጨምሩ፤ ለ40 ሊትር 40 ግራም፣ ማለትም ስድስት ተኩል ያህል ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ይሆናል። በኩባያ ውሃ አሟሙተው በዝግታ ያፍስሱት። ውሃው ሲተን ጨው አብሮ ስለማይተን፣ ከዚያ በኋላ የሚጨምሩት ለቀየሩት 10 ሊትር 10 ግራም ብቻ ነው።

ምግብ ለሁለት ቀን አይስጡ። ከዚያ በየሁለት ቀኑ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨርሰው የሚበሉትን ያህል። ጎልድ ፊሽ ጨጓራ የለውም፤ ብዙ መብላቱ ውሃውን ከማበላሸት በቀር አይጠቅመውም። የዳቦና የእንጀራ ፍርፋሪ ይቅር። ተቀቅሎ የተላጠ እሸት አተር ግን ይስማማዋል።

ማሞቂያ አያስፈልግዎትም፤ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ለጎልድ ፊሽ ምቹ ነው። ይልቅ ፓምፑ የክፍሉን አየር ስቦ ወደ ውሃው እንደሚያስገባ አይርሱ። ቡና ሲፈላ ከሰሉና ዕጣኑ ከአኳሪየሙ ራቅ ይበል። ፍሊት እዚያ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይነፋ፤ ለዓሣ ገዳይ ነው።

በሌላ ጊዜ ሲገዙ ላስቲኩን ሳይፈቱ 20 ደቂቃ ውሃው ላይ ያንሳፍፉት፤ ከፈቱት በኋላ ግን አይዘግዩ። በረጅሙ መንገድ በላስቲኩ ውስጥ የተጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የአሞኒያውን መርዝነት ይዞት ይቆያል። ላስቲኩ ሲከፈት ጋዙ ይወጣና አሞኒያው ይበረታል። ዓሣውን በመረብ አውጥተው ያስገቡት፤ የላስቲኩን ውሃ ይድፉት። ሁለቱ ሲያድጉም 40 ሊትር አይበቃቸውም፤ ከ100 ሊትር ያላነሰ ከወዲሁ ያስቡ።

ጥያቄ፦ መብራት ለአምስትና ለስድስት ሰዓት ሲጠፋ ዓሦቼን እንዴት ላቆያቸው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ የኮምቦልቻ ውሃ ከደሴው ስለሚሞቅ ኦክስጅን ቶሎ ይጎድለዋል። ባትሪ ያለው የአየር ፓምፕ ከሌለዎት፣ በየ15 ደቂቃው በኩባያ እየቀዱ ከአንድ ክንድ ከፍታ ለጥቂት ደቂቃ መልሰው ያንቆርቁሩ። መብራት እስኪመጣ ምግብ አይስጡ። የአየር ፓምፑን ከውሃው ገጽ በላይ ይስቀሉት፤ ከታች ከሆነ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ተስቦ ወደ ፓምፑና ወደ ሶኬቱ ሊፈስ ይችላል። ማጣሪያዎ የተዘጋ ዓይነት ከሆነ፣ ለሰዓታት ቆሞ መብራት ሲመጣ ውስጡ የተኛውን ውሃ ደፍተው፣ ስፖንጁን በአኳሪየሙ ውሃ አለቅልቀው ይክፈቱት፤ ያለዚያ የተበላሸው ውሃ ዓሦቹ ላይ ይለቀቃል።

ጥያቄ፦ ጎልድ ፊሾቼ በዙብኝ፤ ሐይቅ ወስጄ ብለቃቸውስ? (ከደሴ)

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት። ሐይቁም ሆነ የቦርከና ወንዝ የራሳቸው ዓሦች አሏቸው፤ ጎልድ ፊሽ ጭቃውን እየቆፈረ ውሃውን ያደፈርሳል፣ በሽታም ይዞ ሊገባ ይችላል። ትልቅ አኳሪየም ላለው ሰው ይስጡልን።