ንጉሥ የተከሰሰበት ወረቀት

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ለተወለዳችሁ፣ ወይም በልጅነታችሁ ለመጣችሁ ልጆች ነው። እኔ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ችሎቶች ስሠራ 30 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዳኛው ያለውን በአማርኛ፣ ተከሳሹ ያለውን በእንግሊዝኛ እላለሁ። ከራሴ አንዲት ቃል መጨመር አይፈቀድልኝም። ስለዚህ በሆዴ የቆየ ብዙ ነገር አለ፤ ዛሬ ጥቂቱን ልንገራችሁ።

እኛ ያደግነው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል እየሰማን ነው። ንጉሡ ከወረዱ በኋላም ነገሩ ያው ሆነ። በደርግ ጊዜ አባቴ የውጭ ሬዲዮ የሚሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጆሮውን ሬዲዮኑ ላይ ለጥፎ ነበር። እናቴ መስኮቱ ጋ ትቆማለች። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሲጨበጨብ ማንም ቀድሞ እጁን አያወርድም። ጎረቤቱን እያየ ያጨበጭባል።

ነፃነት የሚለውን ቃል ግን አሳምረን እናውቀዋለን። ዓድዋ ነው። አርበኞች ናቸው። ባዕድ አይገዛንም ማለት ነው። በዚህ እኮራለሁ፣ እናንተም ኩሩ። ግን ያ ነፃነት የአገር ነበር። የአንድ ሰው ነፃነት፣ የጎረቤቴ፣ የእኔ የሚባለውን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም። ደፍሮ የሚናገር ልጅ «ጠግቧል» ነው የሚባለው።

በሱዳን በኩል ወጥቼ እዚህ ከገባሁ ከዓመታት በኋላ ለዜግነት ፈተና ማጥናት ጀመርኩ። ያኔ ነው የአሜሪካን የነፃነት መግለጫ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1776 ፊላደልፊያ ላይ የጸደቀው ነው። ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል፣ ሕይወትና ነፃነት ማንም የማይነጥቀው መብቱ ነው የሚለውን ክፍል እናንተም በትምህርት ቤት ሸምድዳችሁታል። እኔን ያስደነገጠኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አብዛኛው ወረቀት የክስ ዝርዝር ነው! ተከሳሹ የእንግሊዝ ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ናቸው። እንዲህ አደረገ፣ ይህን ከለከለ፣ ያንን አፈረሰ እያለ 27 ክስ ይቆጥራል። ንጉሥ አይከሰስ ሲባል ላደገ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ወረቀቱን ያረቀቀው ቶማስ ጄፈርሰን ያኔ ዕድሜው 33 ነበር። በዕድሜው ሙሉ ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ገዝቷል። ይህንንም እወቁ። ከእናንተ መሃል «ታዲያ ወረቀቱ ውሸት ነው» የሚሉ አሉ፤ ንዴታችሁ ይገባኛል። ግን ከመወሰናችሁ በፊት የአንዲት ሴት ታሪክ ስሙኝ።

ማሳቹሴትስ ውስጥ ሼፊልድ በምትባል ከተማ «ቤት» (Bett) የምትባል ባሪያ ነበረች። ማንበብና መጻፍ አትችልም። እመቤቷ አንድ ቀን የጋለ የእሳት መዛቂያ አንስታ ሌላ ልጅ ልትመታ ስትል «ቤት» ክንዷን ደቅና ተከላከለች፤ ጠባሳው አብሯት ቀረ። ጠባሳውን አልሸፈነችውም ይባላል። የግዛቱ ሕገ መንግሥት በ1780 ሲወጣ ሰው ሁሉ ነፃና እኩል ሆኖ ይወለዳል ይል ነበር። ጌቶቹ ስለዚህ ነገር ሲያወሩ፣ ሲነበብም፣ እሷ ሰማች። የሰማችውን ይዛ ቴዎዶር ሴድጅዊክ የሚባል ጠበቃ ዘንድ ሄደች። እኔ ሰው አይደለሁም ወይ፣ ሕጉ ለእኔስ አይሠራም ወይ ነው ነገሯ። በ1781 ብሮም ከሚባል ባሪያ ጋር ሆና ጌታዋን ከሰሰች። ጁሪዎቹ፣ ማለትም ከሕዝቡ ተጠርተው የሚፈርዱት ሰዎች፣ ነፃ ናቸው ብለው ፈረዱ፤ 30 ሺሊንግ ካሳም ተወሰነላቸው። ከዚያ በኋላ ስሟን ኤሊዛቤት ፍሪማን አለች። ፍሪማን ማለት ነፃ ሰው ማለት ነው።

ያንን ቃል የጻፉት ሰዎች እሷን አስበው አልጻፉትም። እሷ ግን ለእኔም ነው ብላ ያዘችው። የዚህ አገር ታሪክ ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው እንደዚህ ነው የሄደው። ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1852 ሮቸስተር ላይ ይህ የጁላይ 4 በዓል ለባሪያው ምኑ ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ ሴቶች የመምረጥ መብታቸውን በ1920 በሕገ መንግሥት ሲያስጸኑ፣ ሁሉም ያንኑ የድሮ ቃል መልሰው እያነበቡ ነው የተሟገቱት። እናንተ እዚህ በመወለዳችሁ ብቻ ዜጋ የሆናችሁትም በ1868 በጸደቀው የሕገ መንግሥቱ 14ኛ ማሻሻያ ነው። ከቻይናውያን ወላጆች ሳን ፍራንሲስኮ የተወለደው ዎንግ ኪም አርክ አገርህ አይደለም ተብሎ ወደብ ላይ ሲታገድ ተሟገተ፤ በ1898 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ረታ። የእናንተ ፓስፖርት ውስጥ የእሱ ድካም አለ።

አሁን ወደ ችሎት ልመልሳችሁ። ስሙንም ከተማውንም አልጠቅስም። አንድ የአገራችን ሰው ሥራውን አስፈቅዶ መጥቶ ዳኛ ፊት ቆሟል። ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል። ዳኛዋ «ጥፋተኛ ነኝ ካሉ ክሱን የመከራከር መብትዎን ይተዋሉ፤ ገብቶዎታል?» አሉት። እኔ በአማርኛ አልኩት። እሱ ወደ እኔ ዞረና ቀስ ብሎ «ጋሼ፣ ምን ይሻለኛል?» አለኝ።

መመለስ አልችልም። ሕጉ ይከለክለኛል። ወደ ዳኛዋ ዞሬ «ጋሼ፣ ምን ይሻለኛል?» የሚለውን እንዳለ በእንግሊዝኛ ተናገርኩ። ዳኛዋ አስተርጓሚው ምክር መስጠት እንደማይችል ነገሩትና ጠበቃ ማነጋገር ይፈልግ እንደሆነ ጠየቁት። ሰውዬው ዝም አለ። ኮፍያውን አገላበጠ። ከዚያ «ይቻላል እንዴ?» አለ።

ተረጎምኩት። «ይቻላል» አሉ ዳኛዋ።

ያቺን «ይቻላል እንዴ?» አልረሳትም። መብቱ እኮ እዚያው ነበር። ከ200 ዓመት በፊት ተጽፎ ተቀምጧል። ግን እንደ እኔ «አይከሰስ» ሲባል ያደገ ሰው ስለሆነ ለመገላገል ብሎ ሊፈርም ደርሶ ነበር። «ዝም አይነቅዝም» እንላለን፤ እዚህ አገር ፖሊስ ሲይዛችሁ ዝም ማለት መብታችሁ ነው፣ ተጠቀሙበት። ከፍርሃት የመጣ ዝምታ ግን ሌላ ነው። እሱ ይነቅዛል። ስለዚህ እናንተ እንግሊዝኛውም ሕጉም የሚቀላችሁ ልጆች፣ የቤት ኪራይ ውል ሲፈረም፣ ከሥራ ቦታ ደብዳቤ ሲመጣ ከእናትና ከአባታችሁ ጎን ተቀመጡ። «ይቻላል» የሚለውን ከእናንተ ይስሙት።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ይሄኛው ይከብደኛል። ነፃነት ስንል ብዙ ጊዜ የራሳችንን ነው። በ1942 አገሩ ጦርነት ላይ እያለ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ የይሖዋ ምስክሮች የሆኑ ሁለት እህትማማቾች፣ ጋቲና ማሪ ባርኔት፣ ባንዲራ አንሳለምም ብለው ከትምህርት ቤት ተባረሩ። ወንድም፣ ልጅ ግንባር ላይ ባለበት ሰዓት ሕዝቡ ምን ያህል ይናደድ እንደነበር አስቡት። በ1940 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በተመሳሳይ ጉዳይ በልጆቹ ላይ ፈርዶ ነበር። በ1943 ግን የራሱን ውሳኔ ሻረ። ማንም ባለሥልጣን ሰው በፖለቲካም ሆነ በሃይማኖት ምን ማመን እንዳለበት ሊወስንለት አይችልም አለ።

ባለፈው ዓመት በአንድ የእኛ ሰዎች ስብሰባ ላይ አንዲት ወጣት ተነስታ ስለ አገር ቤቱ ጦርነት ብዙዎቻችን መስማት የማንፈልገውን ተናገረች። ሁለት ደቂቃ እንኳ አላስጨረሷትም። ከኋላዬ «የማን ልጅ ናት?» ሲባል ሰማሁ። ያለችውን ትቶ ዘሯን መጠየቅ! ማይኩ ተነጠቀ። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ሕገ መንግሥቱ የሚያስረው መንግሥትን ነው፤ እኛን አይከሰንም። ግን መንግሥት ያልከለከላትን እኛ ከለከልናት። እኔም እዚያው ቁጭ ብዬ ነበር፤ አልተነሳሁም። «በሕግ አምላክ!» ብል ኖሮ አዛውንቶቹ ይሰሙኝ ነበር። በዚህ እስከ ዛሬ አዝናለሁ። ያን ቀን የተነሳሽው ልጅ፣ ይህን ካነበብሽው ይቅርታ አድርጊልኝ።

ሰሞኑን ለልጄ የጁሪ ጥሪ በፖስታ መጣላት። 22 ዓመቷ ነው። «አባዬ፣ ሥራ አለብኝ፣ ምን ብዬ ልቅር?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ተከሳሽ ሆኖ የቆመ የአገሬን ሰው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ጁሪዎቹ ወንበር ላይ ያየሁት ግን በጣት የሚቆጠር ነው። አልተቆጣኋትም። ያንን የ1776 ወረቀት አወጣሁና ከ27ቱ ክሶች አንዱን እንድታነብልኝ ሰጠኋት። ንጉሡ በብዙ ጉዳይ በጁሪ የመዳኘት መብታችንን ነሳን ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ስለ ኤሊዛቤት ፍሪማን ጁሪዎችም ነገርኳት። ብዙ አላወራችም፤ ስልኳን አንስታ ለአለቃዋ ጻፈች።

ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት እዚያ መሆን አለባት። እኔ ነኝ የማደርሳት።