ለቅሶ ያልተቀመጡለት ፍቅር

«29 ዓመቴ ነው። ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። ቀን ቸርችል ጎዳና ላይ ባለ ቢሮ ሒሳብ እሠራለሁ፤ ማታ ግጥም እጽፋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንዲት ልጅ ወደድኩ፤ ሦስት ዓመት አብረን ቆየን። ከአገር ወጣችና ተቆራረጥን። የምንቀመጥበት የፒያሳ ካፌ እንኳ በ2016 ፈርሷል። አሁን አንድ ሰው አለ፤ እሱንም ከልቤ ወድጄዋለሁ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሽማግሌ ልላክ እያለ ነው። እውነተኛዋ እኔ የትኛዋ ናት? ቅዳሴ ላይ ቆሜ ትዝ ስለምትለኝ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ማሳቀቅ ጀምሮኛል። ለእሷ የጻፍኩትን መድረክ ላይ ሳነብ ‹አንቺ›ን ‹አንተ› አደርገዋለሁ። ደብተሩን አቃጥዬ ባገባ ይለቀኛል?» የፒያሳዋ

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ አይለቅሽም። ትዳር መድኃኒት ተብሎ ሲታዘዝ ያልታመመችው ሚስት ታማሚ ትባላለች፤ ባልየው ደግሞ ሳያውቀው ክኒን ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን ከበሽታዎች መዝገብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። «የትኛዋ ናት?» ላልሽው፣ ሁለቱም አንቺው ነሽ። ሊሳ ዳይመንድ የተባለች ተመራማሪ 79 ሴቶችን ለ10 ዓመት ተከታትላ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው ጥናት፣ ባይሴክሹዋል መሆን፣ ማለትም ሴትንም ወንድንም መውደድ መቻል፣ ወደ ሌላ መሸጋገሪያ ሳይሆን ረግቶ የሚቆይ ዝንባሌ ሆኖ አግኝታዋለች። ልብሽ ወደ ሴትም ወደ ወንድም ማዘንበል መቻሉ በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው ትፈልጊያለሽ ማለት አይደለም።

በደብዳቤሽ ውስጥ ጎልቶ የታየኝ ግን ሐዘን ነው። ሰው ሲሞትብን ድንኳን ይተከላል፣ ዕድርተኛው ይመጣል፣ ንፍሮ ይቀቀላል። ወንድ ትቶሽ ቢሄድ እንኳ ጓደኞችሽ ማኪያቶ ጋብዘው «ይቅርብሽ!» ይሉሽ ነበር። ለእሷ ግን «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ያለሽ የለም፤ ማንም አያውቅማ። ኬኔት ዶካ የተባሉ ምሁር ይህን ዓይነቱን «እውቅና የተነፈገ ሐዘን» ይሉታል። ያልተለቀሰለት ሐዘን ጸጥታ ባገኘበት ብቅ ይላል። አንቺ ደግሞ በሳምንት ውስጥ ስልክ ዘግተሽ ከሁለት ሰዓት በላይ ዝም ብለሽ የምትቆሚው ቅዳሴ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ትዝ ማለቷን እንደ ፈተና ቆጠርሽው እንጂ፣ ለልብሽ ሌላ ጊዜ ስላልሰጠሽው ነው።

ስለዚህ ጊዜ ስጪው። ለ4 ተከታታይ ቀናት፣ በቀን ለ15 ደቂቃ፣ ስለ እሷና ስለ መለያየታችሁ ጻፊ። ጄምስ ፔንቤከር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምረው የፈተሹት ዘዴ ነው። ግጥም ግን አይሁን። ሰምና ወርቅ የለመደ እጅ ወርቁን ከራሱም ይደብቃል፤ ቤት መምታት ስትጀምሪ ማልቀስ ታቆሚያለሽ። ዝርው ጻፊ፤ አትሰርዢ፣ አታሳምሪ። ልትተኚ ስትዪ አትጻፊ፤ ከእንቅልፍሽ በፊት ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቅደም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበልጥ ሊከብድሽ ይችላል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ባሰብኝ» ብሎ ያቋርጣል። ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይቀንሳል። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ለሁለት ሳምንት ከጠፋ ባለሙያ እይ። «መኖር ምን ያደርጋል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ መጻፉን ተይና በዚያው ቀን አማኑኤል ሆስፒታል ወይም ቅርብሽ ያለ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሂጂ። ከአራተኛው ቀን በኋላ ወረቀቶቹን ቀዳደሽ ጣዪ። የሚጣለው ይሄ ነው፤ ደብተሩ አይደለም።

ወደ «አንቺ»ና «አንተ» እንምጣ፤ ይህ ለገጣሚ ቀላል ነገር አይደለም። አማርኛ ፆታን በየቃሉ ጭራ ላይ ያትማል። «ሲመሽ» እና «ናፍቆትሽ» ቤት የመቱበት ግጥም «ናፍቆትህ» ሲባል ይሰበራል፤ ወመዘክር አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ጆሮ አዋቂም አንድ ነገር እንደጎደለ ይሰማዋል። ከጅምሩ ሌላ በር አለልሽ። አንቱታ ፆታ የለውም፤ «ናፍቆትዎ» ለሴትም ለወንድም ነው። «ሆዴ»፣ «ፍቅሬ»፣ «ዓለሜ»ም እንዲሁ። ለመድረክ መለወጥሽ ደግሞ ውሸታም አያደርግሽም፤ ገጣሚ በሌላ ሰው አፍ መናገር ያለ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ዋናውን ቅጂ ስታጠፊው ነው፤ ያኔ ትዝታሽን ራሱ መጠራጠር ትጀምሪያለሽ።

ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርቷን የምተረጉመው እኔ አይደለሁም፤ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን እንደማትቀበል አንቺም ታውቂያለሽ። ከደጇ መቅረት ግን ራስሽ በራስሽ ላይ የፈረድሽው ነው። «ይህን አድርጌያለሁ» የሚል ጸጸትና «እኔ ርኩስ ነኝ» የሚል ኀፍረት ለየቅል ናቸው፤ የመጀመሪያው ሰውን ወደ ጸሎት ይወስዳል፣ ሁለተኛው ያሸሻል። ሙሉ ቅዳሴ ከከበደሽ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄጂ አራዳ ጊዮርጊስ ደጅ ስመሽ እለፊ፤ ዐሥር ደቂቃ ይበቃል። ለንስሐ አባት ልናገር ካልሽ፣ እናትሽ ቤት ጠበል ለመርጨት የሚመጡት አባት ከሆኑ ሌላ አባት መያዙ ይሻላል፤ ምስጢር ያወጣሉ ብዬ አይደለም፣ በየበዓሉ እናትሽ ሳሎን ውስጥ ፊታቸውን እያየሽ መሳቀቅሽ ስለማይቀር ነው። «መንፈስ ነው» ብሎ ሩቅ ጠበል ልውሰድሽ የሚል ዘመድ ቢመጣ፣ ያለ ስልክሽና ያለ መመለሻ ገንዘብ አትሂጂ።

ሰውየውስ? መጀመሪያ ሽማግሌውን አቆዪው። «ከመስከረም በኋላ ይሁን፣ ልቤ ይረጋጋ» ማለት በቂ ምክንያት ነው። በእነዚህ ወራት ራስሽን ጠይቂ፦ እሱ አጠገቤ ሲሆን ሰውነቴ ይፈልገዋል ወይስ እፎይ ብቻ ይለኛል? እናቴ ባትጎተጉት አገባው ነበር? ሁለተኛው ላይ ከተንተባተብሽ፣ የያዝሽው ፍቅር ሳይሆን መጠለያ ሊሆን ይችላል፤ ለእሱም አይገባውም።

ልንገረው ወይ ለሚለው፣ በእኔ አስተያየት ዕዳ ያለብሽ ታማኝነት ነው፤ ያለፈ ታሪክሽን ሁሉ መዘርዘር አይደለም። ያም ሆኖ ዕድሜ ልክ አብሮ የሚተኛን ምስጢር መሸከም ያደክማል፤ ስለዚህ መንገርን አልከለክልሽም፤ በጥንቃቄ ይሁን። የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን የሚከለክለው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የሚቀጣው ድርጊትን ነው እንጂ ስሜትን አይደለም። ሆኖም የተናገርሽው ነገር ፍቅር ሲሻክር ማስፈራሪያ ሊሆን ይችላል። አስቀድመሽ ጉዳዩ በወሬ ሲነሳ አነጋገሩን አጢኚ፤ «እንዲህ ያለውን መደብደብ ነው» የሚል ሰው መልሱን ሰጥቶሻል። የምትነግሪው ከሆነ በአካል ይሁን፣ በቴሌግራም በፍጹም። ስለ ስሜትሽ እንጂ ስለ ተደረገ ነገር አታውሪ። የእሷን ስም አታንሺ፤ ያ ምስጢር የእሷም ነው። በዚያ ሳምንት በእጅሽ የአንድ ወር ወጪ፣ የምታድሪበትም አንድ ዘመድ ይኑርሽ።

ደብተሩ ይቆይ። ስሟንና ቀኑን በጥቁር እስክሪብቶ ሰርዢ። ፎቶ አታንሺው፤ ሳታውቂው ጉግል ፎቶስ ውስጥ ገብቶ ቤት ውስጥ በጋራ በምትጠቀሙበት ታብሌት ላይ ብቅ ሊል ይችላል። ቴሌግራምሽ ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ጨምሪ፤ የተከፈተባቸውን ስልኮችና ኮምፒውተሮች ዝርዝር እይና የማታውቂውን አስወጪ። ደብተሩን ቢሮ ውስጥ ቁልፍ ባለው መሳቢያ አኑሪው እንጂ ፍራሽ ሥር አታድርጊው፤ ፋሲካ ሲደርስ ፍራሹን እናትሽ ፀሐይ ላይ ያወጡታል።