ካርዱ ላይ የጻፍኩት 20

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ለተግባር ልምምድ አዳማ ከመጡት የነርሲንግ ተማሪዎች አንዷ፣ «ሲስተር፣ ጣት ላይ የሚሰካው መለኪያ የደሙን ኦክስጅን 95 በመቶ ካለኝ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆሜ ትንፋሽ የምቆጥረው ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በአጭሩ መለስኩላት፤ ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ይህን ጻፍኩላችሁ።

በ1986 ዓ.ም.፣ ከተማዋ ገና ናዝሬት ስትባል፣ በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከእናቷ ጋር ሌሊት ወደ ክፍላችን መጣች። ግንቦት ስለነበር ሙቀቱ ከመሸም በኋላ አልበረደም፤ እናትየው በነጠላቸው ጫፍ ያራግቡላታል። ልጅቷ አታስልም፤ ግን ዳገት እንደወጣ ሰው አፏን ከፍታ በረጅሙ ትስባለች፣ በረጅሙ ታስወጣለች፤ ቀሚሷ እስከ ሆዷ ድረስ ከፍ ዝቅ ይላል። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አንድ ጆግ ውኃ ጨርሳ ሌላ ጠየቀች። ከአፏ የበሰለ ፍራፍሬ የመሰለ ሽታ ሲመጣ ከረሜላ በልታ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ደረቷን ሳዳምጥ ሳንባዋ ንጹሕ ነው። «ሙቀቱና ድንጋጤው ነው፤ ያልፍላታል» አልኳቸው። ካርዱ ላይ የትንፋሽ ቁጥር በሚሞላበት ቦታ 20 ብዬ ጻፍኩ። አልቆጠርኩም። በዚያ ሌሊት ለተኙት ሕመምተኞች ሁሉ የጻፍኩት 20 ነበር፤ ከእኔ በፊት የነበረችው ተረኛም እንዲሁ ጽፋ ነበር።

ሲነጋ የገባው ሐኪም ገና ከበሩ አይቷት ሰዓቱን አውጥቶ ቆጠረ፤ 38 ሆነ። ሽንቷ ሲመረመር ስኳርና ኬቶን ተገኘ፤ የስኳር በሽታ ነበር። ፈሳሽና ኢንሱሊን ተጀመረላት፤ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ግን አረፈች።

ሳንባዋ ለምን ንጹሕ እንደነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ብዙዎቻችን ትንፋሽን የሚያፈጥነው የኦክስጅን ማነስ ብቻ ይመስለናል። በጤነኛ ሰው ግን ትንፋሽን በዋናነት የሚመራው በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ከእሱ የሚመጣው አሲድ ነው፤ በአንጎል ግንድና በአንገት የደም ቧንቧዎች አጠገብ ያሉ ሕዋሳት የአሲዱን ለውጥ ፈጥነው ያውቃሉ፤ የኦክስጅን ማነስ ግን በብርቱ የሚገፋው በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅኑ የራሱ ግፊት (የደም ግፊት አይደለም) ወደ 60 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲወርድ ነው። ኢንሱሊን ያጣ ሰውነት ስብ ያቃጥላል፤ ከስቡ ኬቶን የሚባሉ አሲዶች ይወጣሉ፤ ባይካርቦኔት አሲዱን ሲያመክን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል፤ ሳንባም እሱን ጠርጎ ለማስወጣት ይደክማል። የዚያች ልጅ ሳንባ ሌሊቱን ሙሉ ደሟን ሲያግዝ አደረ። የእናንተ መለኪያ በጣቷ ላይ ቢሰካ ኖሮ ደህና ናት ባለ ነበር።

ስለዚህ ቁጠሩ፤ ስድሳ ሰከንድ ሙሉ። ሕመምተኛው እንደምትቆጥሩ ካወቀ ትንፋሹን ስለሚለውጥ፣ የልብ ምት እንደምትለኩ አስመስላችሁ እጁን ያዙ። ቁጥሩ ብቻውንም አይበቃም። አንድ ጎልማሳ በአንድ ጊዜ ግማሽ ሊትር ያህል አየር ይስባል፤ ከዚያ 150 ሚሊ ሊትሩ በአየር ቧንቧዎች ውስጥ ቀርቶ ያለ ጥቅም ይመለሳል። በደቂቃ 12 ጊዜ ግማሽ ሊትር የሚስብም፣ 30 ጊዜ 200 ሚሊ ሊትር የሚስብም የሚያንቀሳቅሱት 6 ሊትር ነው፤ ሳንባ ውስጥ ካሉት የአየር ከረጢቶች ዘንድ የሚደርሰው ግን ለመጀመሪያው 4.2 ሊትር፣ ለሁለተኛው 1.5 ሊትር ብቻ ነው። ጥልቀቱን በዓይናችሁ ካላያችሁ ይህን ማን ይነግራችኋል?

የዛሬ ልጆች እኛ በዕድሜያችሁ ሳለን ከምናውቀው የበለጠ ታውቃላችሁ፤ ዓይናችሁ ግን ከሰው ይልቅ ስክሪን ላይ ማረፍ ያበዛል፤ ይህ ያስከፋኛል። እኔ ግን ስክሪን በሌለበት ዘመን ነው ያላየሁት። ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ያለው የደም ስኳር መለኪያ ያን ሌሊት በእጄ ቢኖር ኖሮ፣ በአንዲት ጠብታ ደም ልጅቷን አውቃት ነበር። መሣሪያን አልጠላም።

ከአርባው በኋላ እናትየው እኔን ፍለጋ መጡ። እጄን ይዘው፣ «ሌሊቱን ሙሉ አልተለየሻትም፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ። አልነገርኳቸውም። ካርዱ ያን ጊዜ በመዝገብ ቤት ነበር፤ በእኔ እጅ ጽሑፍ 20 ይላል።