መዋጮው እኩል ባይሆን እላለሁ

ወንድሜ፣ ጅማ ውስጥ ከጅሬን ወደ መርካቶ ለሚመላለስ የሰፈር ሚኒባስ እያንዳንዱ ቤት እኩል ያዋጣ ወይ ብለሃል። እኔ እኩል አልልም። ባለመኪናውና እንጨት በጀርባዋ አዝላ ዳገቱን የምትወርድ እናት እንዴት እኩል ይከፍላሉ? መንግሥትም ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ለሕዝብ ትራንስፖርት ለይቶ፣ የቤት መኪናውን ቀስ በቀስ አስወጥቷል።

ነዳጁንና የሾፌሩን ደሞዝ ተሳፋሪው በታሪፍ ይሸፍን። ጎማና ጥገናው ግን ከሰፈሩ መዋጮ ይውጣ፣ እንደየአቅም። መንገዱ ሲቀና ባለሱቁም ቤት አከራዩም ይጠቀማሉ። ሂሳቡን የእድሩ ገንዘብ ያዥ ይያዘው፣ በየወሩም ለሰው ያንብብ።

ባለፈው ክረምት ማታ፣ በዶፍ ዝናብ፣ አንድ ባጃጅ ጎረቤቴን እጥፍ ጠየቃት። ልጇን አዝላ በጭቃው በእግሯ ወጣች። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ስለዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ያለው ምልልስ ባዶም ቢሆን ከመዋጮው ይደጎም።