ሞጁል የማስጫን ፈቃድ ለየትኛው አገልግሎት ይሰጥ?

ሰላም ወንድሜ። በኤስኢሊኑክስ (ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የተፈቀደውን በሚወስነው የሊኑክስ ጥበቃ) በሚጠበቀው ሰርቨርህ ላይ የድር አገልግሎቱ ኤችቲቲፒዲ እና መሥሪያ ቤታችሁ በራሱ ዶሜይን (የኤስኢሊኑክስ የፈቃድ ክልል) የሚያሠራው የቪፒኤን አገልግሎት ሞጁል፣ ማለትም በከርነሉ (በሥርዓቱ እምብርት) ላይ የሚጨመር ኮድ፣ ሊያስጭኑ ሲሉ ታግደዋል፤ አንተም የእገዳ መዝገብን ወደ ፈቃድ ደንብ የሚለውጠው «ኦዲት ቱ አላው» ያወጣልህን የፍቀድ ደንብ ላስገባው ወይ ብለሃል። አታስገባው። ሁለቱም ያለዚያ ፈቃድ ይሠራሉ።

መጀመሪያ በኦዲት መዝገቡ ላይ የታገደው ምን እንደሆነ ለይ። «ሞጁል ሪኩዌስት» የሚል ከሆነ አገልግሎቱ ራሱ ሞጁል አልጫነም፤ ሶኬት (የኔትወርክ መገናኛ) ወይም የመሣሪያ ፋይል ሲከፍት ከርነሉ የጎደለውን ነገር ለማምጣት ሞጁል ጫኙን ፕሮግራም ሞድፕሮብን ሊጠራ ነበር። «ሲስ ሞጁል» ግን አገልግሎቱ ራሱ ሞጁል የመጫን ሥልጣን ነውና ሌላ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ዘበኛውን በር ክፈትልኝ ብሎ መጠየቅ ሲሆን ሁለተኛው ቁልፉን ይዞ መዞር ነው። የፈለገውን ኮድ ከርነል ውስጥ የሚያስገባ አገልግሎት ኤስኢሊኑክስን ራሱን ማጥፋት ይችላልና ይህን ፈቃድ የሰጠኸው ሁሉ ከፖሊሲው በላይ ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። አንድ ፕሮግራም የሌለ የኔትወርክ ካርድ ስም ጠርቶ ከርነሉን ሲጠይቅ፣ ከርነሉ በዚያ ስም ሞጁል ይኖር እንደሆነ ለመፈለግ የ«ሲስ ሞጁል» ሥልጣኑን ይመረምራል። ፕሮግራሙ ሞጁል የመጫን ሐሳብ ሳይኖረው እገዳው ይመዘገባል። እኔ ሲገጥመኝ የማስተካክለው የካርዱን ስም ነው፤ ፖሊሲውን አልነካም።

ወደ ኤችቲቲፒዲ እንመለስ። በለጠፍከው መስመር ላይ የተጠየቀው ሞጁል «ኔት-ፒኤፍ-10» ይላል። 10 የአይፒ ስሪት 6 መለያ ቁጥር ነው። ሰርቨሩ ላይ ስሪት 6 እንዳይጫን ተደርጓል፣ አገልግሎቱ ግን አሁንም ይሞክረዋል። በስሪት 4 አድራሻ ብቻ እንዲያዳምጥ አድርገው፤ መልእክቱ ካልጠፋ ፈቃድ ሳትሰጥ፣ እገዳውን ከመዝገብ ብቻ በሚያስቀረው «ዶንት ኦዲት» ደንብ ዝም አሰኘው።

ቪፒኤኑ ምናባዊ የኔትወርክ ካርድ የሚፈጥረውን «ቱን» የተባለውን ሞጁል በእርግጥ ይፈልጋል። ስሙን «ሞጁልስ-ሎድ ዲ» ማውጫ ውስጥ ጻፈው፤ ማሽኑ ሲነሳ አገልግሎቶችን የሚያስነሳው ሲስተምዲ ይጭነዋል፣ ቪፒኤኑም ተዘጋጅቶ ያገኘዋል።

እንዲህ የማጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2017 ይፋ የሆነው፣ ዲሲሲፒ በተባለው የኔትወርክ ፕሮቶኮል ኮድ ውስጥ የተገኘው የደህንነት ቀዳዳ ከ2005 ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ ነበር። ሞጁሉ በራሱ እንዲጫን በተተወባቸው ማሽኖች ላይ አንድ ተራ ተጠቃሚ ሶኬት በመክፈት ብቻ ማንም የማይጠቀምበትን ኮድ ሊቀሰቅስ ይችል ነበር። ስለዚህ «ዶሜይን ከርነል ሎድ ሞጁልስ» የሚለውን ማብሪያ ፈጽሞ አትንካው፤ የመጠየቅ ፈቃዱን ለሁሉም ዶሜይን በአንዴ ይከፍታል።

ፈቃዱ የሚገባቸው ጥቂት ናቸው፦ የሞድፕሮብ የራሱ ዶሜይን፣ የማሽኑን መሣሪያዎች የሚያስተዳድረው ዩዴቭ፣ ሲስተምዲ ሲነሳ ሞጁል የሚጭንበት አገልግሎት። ፋየርዎል ደንብ ሲቀየር አዲስ ሞጁል ስለሚያስፈልገው መጠየቁን እፈቅድለታለሁ። ለሌሎቹ በሲስተምዲ «ፕሮቴክት ከርነል ሞጁልስ» የሚለውን አብራ፤ «ሲስ ሞጁል»ን ይነጥቃል፣ የሞጁል ማውጫውንም ይሰውራል። ከርነሉ በራሱ የሚያመጣውን ግን አያስቆምም፤ ለዚያ የምትተማመነው በኤስኢሊኑክስ ነው።

ከለወጥክ በኋላ «ሴሞጁል» በተባለው ትእዛዝ ዝም የተባሉትን እገዳዎች ለጊዜው ግለጣቸው፣ ማሽኑን አስነሥተህ መዝገቡን ተመልከት። የቪፒኤኑ መስመር ከ«ቱን» ሌላ ስም ካሳየህ ሙሉውን ላክልን።